የሂሳብ ክበብ ዘገባ፦ ዘግይቶ የሚቀድም ፈንክሽን

ክበባችን በዘንድሮው የትምህርት ዘመን እንደ ወትሮው ተማሪዎችን ለጥያቄና መልስ ውድድር አዘጋጅቷል፤ በሚኒ ሚዲያም እንቆቅልሾችን አቅርቧል። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ግን አብዛኛውን ጊዜያችንን የወሰደው የፈንክሽኖችን የዕድገት ፍጥነት ማወዳደር ነበር።

መነሻው በሰሌዳ ላይ የተጻፈ አንድ ጥያቄ ነው፦ የአንድ ቁጥር 10ኛ ፓወር እና 2 በዚያው ቁጥር ፓወር ሲወዳደሩ በመጨረሻ የሚበልጠው የትኛው ነው? ቁጥሩ 10 ሲሆን የመጀመሪያው 10 ቢሊዮን፣ ሁለተኛው 1,024 ብቻ ስለሆነ፣ ብዙዎቹ አባላት ጥያቄው ክርክር እንኳ የማያስፈልገው መስሏቸው ነበር። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግራፋቸውን በባለካሬ ወረቀት ሊነድፍ ቢሞክር፣ ገና 2 ላይ ወደ ላይ 1,024 ካሬ መቁጠር ግድ ሆነበት፤ ትልልቅ ቁጥሮችን በትናንሽ ቁጥሮች ለማወዳደር በሚያስችለው በሎጋሪዝም መሥራት የጀመርነውም ከዚያ ወዲህ ነው። 10ኛው ፓወር ከ2 እስከ 58 ሲመራ ቆይቶ 59 ላይ ይቀደማል፤ 100 ላይ የ2 ፓወር ከ12 ቢሊዮን እጥፍ በላይ ይበልጠዋል።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ተማሪዎቹ ያስከተሉት ጥያቄ ነው፦ የመሪው ብልጫ መቀነስ የጀመረው የት ላይ ነው? ቁጥሩ አንድ በጨመረ ቁጥር የ2 ፓወር ምንጊዜም በእጥፍ ያድጋል። 10ኛው ፓወር ግን፣ ጭኖ ከኮምቦልቻ እንደተነሳና የሐረጎን ዳገት እንደያዘ መኪና ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ ከ10 ወደ 11 ሲሄድ 2.59 እጥፍ፣ ከ20 ወደ 21 1.63 እጥፍ፣ ከ100 ወደ 101 ደግሞ 1.10 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ማባዣው ከ2 በታች የሚወርደው ከ14 ወደ 15 ሲሻገር ስለሆነ፣ ነገሩ ያለቀለት ከ59 እጅግ ቀደም ብሎ ነው።

በዚሁ ዘዴ 10 በአንድ ቁጥር ፓወርን ከዚያው ቁጥር ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ ቁጥሩ ያሉት ሁሉ ሲባዙ ከሚገኘው) ጋር ያወዳደሩት ያለ እኔ እርዳታ ነው፤ አንደኛው ሁልጊዜ በ10፣ ሌላው በተከታዩ ቁጥር ስለሚባዛ፣ ፋክቶሪያል ከ10 በኋላ መቅረብ ይጀምርና 25 ላይ ይቀድማል። ጀርመናዊው ፖል ባክማን እ.ኤ.አ. በ1894 ያስተዋወቀውን፣ የፈንክሽን ዕድገት ከምን እንደማያልፍ የሚገልጸውን የ«ትልቁ ኦ» ምልክትም አሳይቻቸዋለሁ፤ እንደ ማባዣው አልማረካቸውም፣ አልፈርድባቸውም።

ለመጪው ዓመት የቆየው የአንድ ቁጥር 10ኛ ሥር ከተፈጥሯዊ ሎጋሪዝሙ ጋር የሚያደርገው ውድድር ነው። ካልኩሌተር የያዙት ሁሉ ቢሊዮን ድረስ ሞክረው ለሎጋሪዝም ፈርደዋል፤ ሥሩ የሚቀድመው ግን 3.4 ኳድሪሊዮን (3,400 ትሪሊዮን) ገደማ ካለፈ በኋላ ነው።