ጉዳዩ፦ በፕሮፎርማው መሠረት ስላልቀረበልን የኔትወርክ ስዊች

ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለሽያጭ ክፍል ኃላፊ

ኮምፒውተሮቻችንን፣ ካሜራዎቻችንንና ስልኮቻችንን በገመድ እንዲያገናኝልን የገዛነው ስዊች በፕሮፎርማው የተጻፈው ዓይነት ሆኖ አልቀረበልንም፤ የግዢው ዝርዝር በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ባለፈው ዓርብ ሜክሲኮ በሚገኘው ሱቃችሁ፣ በሌሎች ደንበኞች ፊት የተሰጠኝ መልስ ነው።

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ቴክኒሻናችሁ ትክክለኛውን ስዊች ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገብታችሁልን ነበር። ስድስት የሒሳብ ባለሙያዎች ኮምፒውተራቸውን አጥፍተው ጠበቁ። የደንበኞቻችን የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሥራ በሚከመርበት በሐምሌ ወር ግማሽ ቀን ማለት ለእኛ ምን እንደሆነ ልታውቁት ይገባል። አምስት ጊዜ ደወልኩ። ስልኩ የተነሣው 10 ሰዓት ላይ ነው፤ መልሱም «ነገ እንልካለን» የሚል ነበር። ይህን «ነገ» ከእናንተ ስሰማ አራተኛ ጊዜዬ ነው።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት ያመጣችሁልንን ስዊች ከነሳጥኑ በላስቲክ ጠቅልዬ ከስታዲየም በዝናብ ራሴ ይዤው መጣሁ። ሠራተኛችሁ ሌላ ስዊች አወጣና «ይኸው፣ ይህኛው ለካሜራና ለስልክ በኔትወርክ ገመዱ ኤሌክትሪክ ይሰጣል» አለኝ። ጠቅላላ ስንት ዋት እንደሚሰጥ ጠየቅሁት። አላወቀም። የሳጥኑን ጀርባ አብረን አነበብን፤ 60 ዋት ይላል። እዚያው ባንኮኒው ላይ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁለት፦ ስምንት ካሜራ እያንዳንዱ 7 ዋት 56፣ ስድስት ስልክ እያንዳንዱ 5 ዋት 30፣ ድምሩ 86። መሰኪያው ቢበዛም ኃይሉ ለሁሉም አይዳረስም፤ የተወሰኑት ካሜራዎች ጨርሶ አይበሩም። ሠራተኛችሁ ሳቀ። «እትዬ፣ ስዊች እኮ ስዊች ነው። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ነው ይህን ሁሉ የሚቆጥሩት» አለኝ። ወረፋ የያዙት ደንበኞችም ሳቁ።

አዎን፣ እቆጥራለሁ፤ የምተዳደርበት ሥራ ነው። እናንተም መሣሪያውን ከመሸጣችሁ በፊት መቁጠር ነበረባችሁ።

ስዊች ሁሉ አንድ አይደለም። ፕሮፎርማው ላይ የጻፋችሁት እያንዳንዱ መሰኪያ በሰከንድ 1000 ሜጋቢት እንደሚያስተላልፍ ነው፤ ያመጣችሁት 100 ነው። 200 ጊጋባይት የሒሳብ ሰነድ ወደ መጠባበቂያ ለመገልበጥ ባለ 1000 በሆነው ስዊች ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚበቃ ሲሆን፣ እናንተ ባመጣችሁት ከ4 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሚቆጣጠሩትና የሚያስተካክሉት ዓይነት እንዲሆንም ጠይቀን ነበር። ባለፈው ሳምንት ተለማማጃችን የአንዱን ገመድ ሁለት ጫፍ ሳታውቅ እዚያው ስዊች ላይ ሰካችው፤ መላው ቢሮ ከሥራ ውጭ ሆነ። የጠየቅነው ዓይነት ቢሆን ኖሮ አንዱን መሰኪያ ራሱ ዘግቶ ይህን ያስቀር ነበር። ልጅቷ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የእርሷ ይመስላታል።

ሌላም አለ። ሳጥኑ ሲመጣ ማሸጊያው ተቀዶ ነበር። መደርደሪያ ላይ የሚታሰርባቸው ብሎኖች የሉም። ደረሰኙን የሰጣችሁን ከአራት ቀን ምልልስ በኋላ ነው። እስካሁን እነዚህን በትዕግሥት አልፌአቸዋለሁ።

በመጀመሪያ የምጠይቀው መሣሪያው በፕሮፎርማው መሠረት እንዲቀየርልን ብቻ ነበር። አሁን ግን እስከ ዓርብ ሐምሌ 18 ቀን ድረስ ትክክለኛው ስዊች ተገጥሞ፣ ካሜራዎቹና ስልኮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ በዓይኔ እንዳይ እፈልጋለሁ። ካልሆነ የከፈልነው ገንዘብ ከ15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር ይመለስልን። በሁለቱም መንገድ ዓርብ ዕለት ስለተሰጠኝ መልስ በድርጅቱ ማኅተም የተረጋገጠ የጽሑፍ ይቅርታ እጠብቃለሁ። ሻጭ በውሉ የተባለውን ዕቃ የማስረከብ ግዴታ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ይደነግጋል፤ ከተባለው ቀን ካለፈ ጉዳዩን የምንከታተለው በዚያው መንገድ ይሆናል።

እባካችሁ «ነገ» ብላችሁ አትደውሉልኝ። ቴክኒሻኑን ላኩት።

ከሰላምታ ጋር
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ግልባጭ፦
ለሕግ አማካሪያችን