ልጆቻችን ጠዋት የሚሰሙት የመጀመሪያ ቃል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንዴት ከረማችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል ነው የማስተምረው፣ በዚህ ሥራ 17 ዓመት ሆኖኛል፣ ወላጆች እንዲያነቡልኝ የምፈልገው ነገር ስላለ ነው የጻፍኩት።

ጠዋት ልጆቹ ከሰልፍ ሲገቡ የክፍሉ በር ላይ ቆሜ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራሁ እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ እላለሁ። እዛች በር ላይ ማን ቤቱ እንዴት እንደተነሳ ፊቱ ላይ ይታያል። ተሰድቦ የተነሳ ልጅ አይኔን አያየኝም፣ እጄን ጨብጦኝ ያልፍና ቦታው ላይ ቁጭ ይላል፣ እርሳስ ሲያጣ ያለቅሳል፣ ጎኑ ያለው ልጅ ክርኑን ሲነካው ይማታል፣ እስከ እረፍት ድረስ የማስተምረው አንዱም አይገባውም። በግራ ጎኑ ተነስቶ ነው እንላለን አይደል? ልጅ ግን በየትኛው ጎኑ እንደሚነሳ የሚወስነው እሱ አይደለም፣ የሚቀሰቅሰው ሰው ነው።

በፊት ትልቁ ችግር ረሃብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ ሲጀመር ለውጡን እኛ መምህራን በአይናችን አይተናል፣ አራት ሰዓት ላይ ዴስክ ላይ ተደፍቶ የሚተኛ ልጅ በጣም ቀነሰ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሆዱ ሲሞላ ግን ሌላው ጉድለት ጎልቶ ታየን።

ወላጅን ለመውቀስ አይደለም፣ እኔም እናት ነኝ። ከተማው ዳር ኮዬ ፈጬ ወይ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሥራው መሃል ከተማ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የሆነ ሰው ገና ሳይነጋ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፣ ልጁን በጩኸት ቀስቅሶ ካልሲህ የት አለ፣ ደብተርህ የት አለ፣ ዛሬም ልታስረፍደኝ ነው እያለ ነው የሚወጣው። ወይ ደግሞ ልጁን ትቶት ይወጣና ልጁ ብቻውን ስልክ እያየ ይቆያል፣ ቲክቶክ ላይ ቆይቶ የመጣ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አይኑን ማሳረፍ ያቅተዋል፣ ይሄንንም በየቀኑ የማየው ነው።

የምለምነው ቀላል ነገር ነው። ዩኒፎርሙን ማታ አዘጋጁት፣ ቦርሳውን ማታ፣ ካልሲውንም ማታ ጫማው ውስጥ ክተቱት፣ የጠዋቱ ጩኸት ግማሹ በካልሲ ምክንያት ነው። ከዛ ጠዋት ተነስ ከማለታችሁ በፊት እንዴት አደርክ በሉት። እናቶቻችን ይሄን ሳይሉ ስማችንን እንኳን አይጠሩም ነበር፣ ሌሊቱን በሰላም ማለፋችንን ነው መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ ስንወጣም ደህና ዋል፣ ቀና ይግጠምህ ብለው ነው የሚሸኙን፣ ይሄ እኮ ደቂቃ አይፈጅም፣ ታክሲም አያስመልጥም።

ትምህርት ቤቶችም ብንሆን ራሳችንን እንይ። ድሮ የነበርኩበት አንድ ትምህርት ቤት አርፍደው የመጡ ልጆችን በር ላይ ያንበረክክ ነበር፣ የስምንት ዓመት ልጅ ጠጠር ላይ ተንበርክኮ ቀኑን ሲጀምር አይቼ እኔም ዝም ብያለሁ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያ ልጅ ያረፈደው እኮ ታክሲ አጥቶ ነው፣ ታናሽ እህቱን ይዞ በእግሩ ነው የመጣው። አሁንም እንዲህ የሚያደርጉ ካሉ እባካችሁ ተዉት፣ ያረፈደ ልጅ ገብቶ ይቀመጥ፣ ማርፈዱን ከወላጁ ጋር እንነጋገርበታለን።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ፣ ይሄን ደብዳቤ የምታወጡት ከሆነ ከተቻለ ቅዳሜ ወይ እሁድ አውጡልኝ። በር ላይ ስቆም ከሁሉም የሚከብደኝ የሰኞ ጠዋት ፊታቸው ነው፣ ወላጆች እሁድ ማታ ካልሲ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራቸዋል።

አንዲት መምህርት
ከአዲስ አበባ