ሳል የሌለበት ቲቢም አለ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ቲቢ ያወጣችሁትን አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን ከላይ እስከ ታች ሳልና አክታ ብቻ ሆነብኝ። ነርስ ስለሆንኩ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ቲቢ ከፀጉርና ከጥፍር በቀር የማይነካው የሰውነት ክፍል የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በቲቢ ታማሚነት ከሚመዘገቡ 100 ሰዎች 15 ያህሉ ሕመማቸው ከሳንባ ውጪ ነው። «ሁለት ሳምንት ካሳላችሁ ተመርመሩ» የሚለው ምክር ታዲያ ለእነዚህ ምን ይጠቅማቸዋል? አያስላቸውማ!

በብዛት የሚታየው የንፍፊት ቲቢ ነው። አንገት ላይ እብጠት ይወጣል፣ ቀስ እያለ ያድጋል። ስለማያም ሰው ችላ ይለዋል፣ ወይም በአንቲባዮቲክ ላይ አንቲባዮቲክ እየዋጠ ይከርምና እብጠቱ ፈንድቶ መግል ሲያወጣ ይደነግጣል። በሳንባ ሽፋን ወይም በሆድ ውስጥ ውሃ የሚቋጥርም አለ። የማህፀን ቱቦን የሚዘጋም አለ፤ አንዳንዷ ሴት ቲቢ እንዳለባት የምታውቀው ልጅ እምቢ ብሏት ስትመረመር ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ግን የአከርካሪው ነው። ጀርባውን የማያመው ማን አለ? ማስታገሻ ይዋጣል፣ ይታሻል፣ ወራት ያልፋሉ። በዚህ መሃል ባክቴሪያው አጥንቱን እየበላ ነው፤ አጥንቱ ሲደረመስ ጀርባ ይጎብጣል፣ ህብለ ሰረሰር ሲጫን ደግሞ እግር ይከዳል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ይህን እ.ኤ.አ. በ1779 ጽፎታል፣ ሮበርት ኮክ ባክቴሪያውን ማግኘቱን ከማሳወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ። ዛሬም ዘግይተን ነው የምንደርስበት። የማይለቅ የጀርባ ሕመም ላይ የማታ ላብ፣ ትኩሳትና ክሳት ከተጨመረ ወጌሻ ቤት መመላለስ ይብቃ።

የአንጎል ሽፋን ቲቢ በተለይ ሕፃናትን ይቀጥፋል። መነጫነጭ፣ ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ከዚያ መፍዘዝ። የቢሲጂ ክትባት ትልቁ ጥቅሙ ትንንሾቹን ከዚህ መጠበቁ ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የታማሚው አይደለም (እኛ ባለሙያዎችም አለንበት)። አክታው ንጹህ፣ የደረት ራጁም ንጹህ ሊሆን ይችላል፤ «ነፃ ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ናሙና መወሰድ ያለበት ከታመመው ቦታ ነው፦ ከእብጠቱ በመርፌ፣ ከህብለ ሰረሰር ፈሳሽ፣ ወይም ከሥጋው ተቆርጦ። ባክቴሪያው እዚያ ጥቂት ስለሚሆን አንድ ምርመራ «የለም» ስላለ ብቻ ነገሩ አይዘጋም። የኤች አይ ቪ ምርመራም አይረሳ፣ ቫይረሱ ያለበት ሰው ከሳንባ ውጪ ላለው ቲቢ ይበልጥ ተጋላጭ ነውና።

መድኃኒቱ በአብዛኛው ያው የ6 ወሩ ነው፣ የአጥንትና የአንጎል ሽፋን እስከ 12 ወር ሊሄድ ይችላል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ሕክምናው ተጀምሮ የአንገት እብጠቱ ሊጨምር ይችላል። «አልሰራልኝም» ብሎ የሚያቋርጥ አይጠፋም፣ እባካችሁ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አታቁሙ።

ደግሞ ብርጭቆ መለየቱን ተዉት! የሳንባውም ቢሆን በብርጭቆ አይተላለፍም። ሳንባና ጉሮሮው ነፃ መሆኑ የተረጋገጠለት ታማሚ በትንፋሽ ለሌላ ሰው አያስተላልፍም ማለት ይቻላል።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ከሳሉ ጎን የአንገት እብጠቱንና የጀርባ ሕመሙን ጨምሩልን።

አንባቢያችሁ