የብስክሌት ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ መኪና በማይገባበት ፒስታ

በየቅዳሜው በቱሉዝ ከተማ የአማርኛ ትምህርት የሚከታተሉት ልጆቻችን የብስክሌት ክበብ እንዲቋቋምላቸው አምና በሰኔ ሲጠይቁ፣ እኔ መምህራቸው በበኩሌ ፈቃደኛ አልነበርኩም። የሰው ልጅ በአደራ ተቀብሎ መኪና በሚከንፍበት አስፋልት ዳር አሰልፎ መሄድ የሚቻል ነገር አልመሰለኝም። ሐሳቤን ያስለወጡኝ ከወላጆቻችን አንዱ ናቸው፤ በሥራቸው ምክንያት ደቡብ ፈረንሳይን በደንብ የሚያውቁት እኒህ አባት በክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተው፣ መኪና የማይገባባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ በእርሳስ እያሰመሩ አሳዩኝ። ፈረንሳዮች «ቯ ቬርት»፣ ማለትም አረንጓዴ መንገድ፣ የሚሏቸው እነዚህ መንገዶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአገሪቱ የመንገድ ትራፊክ ደንብ ውስጥ የራሳቸው ፍቺ ያላቸው ሲሆን፣ ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች ብቻ የተከለሉ ናቸው። ብዙዎቹ አስፋልት ሳይሆኑ የተጠቀጠቀ ደቃቅ ጠጠር፣ እኛ አገር ፒስታ የምንለው ዓይነት ናቸው።

ክበቡ በመስከረም በ14 ተማሪዎችና በ6 ወላጆች ሥራውን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት የትም አልሄድንም፤ ብስክሌቶቹን በመፈተሽ አሳለፍናቸው። በፒስታ ላይ ድርቅ ብሎ የተነፋ ጎማ ጠጠሩ ላይ እየነጠረ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ ልጆቹ ጎማውን በአውራ ጣታቸው እየተጫኑ፣ ጥቂት እጅ እስኪሰጥ ድረስ ንፋስ ማስተንፈስን ተማሩ። ሰፋ ያለ ጎማ ከቀጭኑ እንደሚሻል፣ መሪን በድንገት ማዞር እንደሚጥል፣ ፍሬን ሲያዝም የኋላው እንደሚቀድም ደጋግመን ነገርናቸው። ሆኖም አንዲት የአምስተኛ ክፍል ተማሪያችን ትንሽ ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ጨምድዳ በመያዟ ወድቃ ጉልበቷ ተላጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ፍሬን ለታናናሾቿ የምታስረዳው እሷ ሆነች፤ ከእኔም የበለጠ ተሰሚነት አገኘች። ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የራስ ቁር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2017 ጀምሮ በሕግ የተደነገገ ግዴታ ነው፤ በክበባችን ግን ግዴታው ወላጆችንም መምህራንንም ይጨምራል።

የመጀመሪያው ጉዟችን በጥቅምት በካናል ዱ ሚዲ ዳር ነበር። ይህ ከቱሉዝ ተነሥቶ እስከ ቶ ሐይቅ 240 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው ቦይ በፒየር ፖል ሪኬ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1666 ተጀምሮ በ1681 ሲከፈት፣ ሪኬ ካረፈ ጥቂት ወራት አልፈው ነበር። የቦዩ ዳር ለብስክሌት የሚመቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀድሞ ጀልባዎችን በገመድ የሚጎትቱ ፈረሶች የሚመላለሱበት ስለነበር ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። ከከተማው ጀምሮ 50 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ስለሆነ እስከ አቪኞኔ በባቡር ሄደን፣ ጠጠሩ ከሚጀምርበት አካባቢ ተነሥተን እስከ ካስቴልኖዳሪ ነዳን። ርቀቱ 20 ኪሎ ሜትር ባይሞላም፣ ትናንሾቹ ልጆች ሙሉ ቀን ወሰደባቸው።

በመካከሉ ያለው ኖሩዝ የሚባለው ስፍራ የዓመቱ ምርጥ የጂኦግራፊ ትምህርታችን ሆነ። ከባሕር ወለል በላይ 189 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ ቦታ የቦዩ ጫፍ ነው፤ ከጥቁር ተራራ የሚወርደው ውሃ እዚህ ደርሶ ከፊሉ ወደ አትላንቲክ፣ ከፊሉ ወደ ሜዲትራንያን ይለያያል። ከሪኬ በፊት የነበሩትን ያቃታቸው ጥያቄ ይህ እንደነበር፣ ማለትም ቦዩን መቆፈር ሳይሆን ለከፍታው ውሃ ማግኘት እንደነበር፣ ለልጆቹ ባስረዳቸውም የገባቸው ግን በቅጠል ነው። የወደቀ ቅጠል እየለቀሙ ውሃው ላይ ጣሉ፤ የማን ቅጠል ወደየትኛው ባሕር እንደሚዞር ለማየትም ጠርዙ ላይ ተደፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል አልነሣም አሉ።

በዚሁ ጉዞ ያሳዘነንም ነገር ነበር። ቦዩን ያጠሉት ከነበሩት 42 ሺህ ያህል የፕላታን ዛፎች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ2006 በቦዩ ላይ በተገኘ የፈንገስ በሽታ ምክንያት እየተቆረጡ በመሆኑ፣ አንዳንዱ ዳርቻ ጉቶና አዲስ ችግኝ ብቻ ሆኗል። በሽታው በውሃና በሥር ከዛፍ ወደ ዛፍ ስለሚጋባ፣ ጤነኛ የሚመስሉ ጎረቤት ዛፎችም አብረው ይወገዳሉ። በኅዳር ተመልሰን ስንሞክረው ደግሞ ከዝናብ በኋላ ጭቃው በጎማና በፍሬን መካከል እየተጠቀጠቀ መንኮራኩሩን ስላስቆመው፣ ብስክሌቶቻችንን እየገፋን ተመለስን።

ክረምቱን በከተማው መናፈሻ አሳለፍነው። ከክበቡ አባላት ሁለት እናቶች ብስክሌት ላይ ወጥተው አያውቁም ነበር፤ ፔዳሉን ፈትተን፣ መቀመጫውን እግራቸው መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርገን፣ በእግራቸው እየገፉ ሚዛን መጠበቅ እንዲለምዱ አደረግን። በየካቲት መጨረሻ ሁለቱም ያለ ረዳት ይነዱ ነበር።

ዋናው ጉዟችን በሰኔ የሦስት ቀን ጉዞ ሲሆን፣ መንገዱም ፓሳ ፓይስ የሚባለው፣ ከማዛሜ እስከ ቤዳሪዩ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄደው የቀድሞ የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ ተነሥቶ በስፍራው ጠጠር ተነጥፏል። ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት ስለማይችል፣ መሐንዲሶቹ ተራራውን በዋሻ፣ ሸለቆውን በድልድይ እያለፉ ያለሰለሱት መንገድ ዛሬ ለልጆች እግር የተሠራ ይመስላል። ጉዞው ግን በመሰናክል ጀመረ፤ ቀድመን ያሳወቅን ቢሆንም ባቡሩ ላይ ለብስክሌቶቻችን በቂ ቦታ ስላልነበረ፣ ግማሻችን ቀጣዩን ባቡር ሁለት ሰዓት መጠበቅ ግድ ሆነብን። ከዚህ በኋላ በሁለት ቡድን ተከፍለን እንድንነሣ ወስነናል።

ቀድሞ በሱፍ ሥራ ትታወቅ ከነበረችው ከማዛሜ ተነሥተን፣ ላባስቲድ ሩዌሩን አልፈን የፌኒይ ዋሻ አፍ ላይ ደረስን። ርዝመቱ 760 ሜትር ነው፤ ውስጡ ቀዝቃዛ ሲሆን የጎማው ኮሽታ እንኳ ከግድግዳው ተመልሶ ይሰማል። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መካከል ላይ ሲደርስ ቆመና «እማ፣ መውጫው አይታየኝም» አለ። በየካቲት ሚዛን መጠበቅ የለመዱት እናቱ ቀድመውት እየነዱ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ የኔን መብራት ብቻ ተከተል» አሉት፤ ተከትሏቸውም ወጣ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ በመምህርነት ዘመኔ እንደዚያች ደቂቃ ያስደሰተኝ ጥቂት ነገር ነው። ዋሻው የሚያልፈው የውሃውን መለያ ከፍታ በመሆኑ፣ ከወዲያኛው አፍ ስንወጣ ልጆቹ ራሳቸው «መምህር፣ አሁን ቅጠል ብንጥል ወደ ሜዲትራንያን ነው የሚሄደው!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በሴንፖን አድርገን፣ በሁለተኛው ሌሊት በኦላርግ አቅራቢያ በድንኳን አደርን። በመንገዱ ዳር አሮጌዎቹ የጣቢያ ሕንፃዎች እስከ ዛሬ ቆመዋል። በአንደኛው ጥላ ሥር ድፎ ዳቦ ቆርሰን በሶ ስንበጠብጥ፣ አንዲት ልጅ ጣቢያ በፈረንሳይኛ «ላ ጋር» እንደሚባል ለአያቷ ስትነግራቸው፣ አያቷ ፈገግ ብለው «ታዲያ ይኼ ለገሃር ማለት አይደል?» አሏት። በእርግጥም የአዲስ አበባው ለገሃር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ ተነሥቶ መዲናዋ ከደረሰው፣ ፈረንሳዮች ከሠሩት የባቡር መስመር ነው። የዚያን ቀን የቀረው መንገድ ስለ ድሬዳዋና ስለ አዋሽ ጣቢያዎች በመጠየቅ አለቀ፤ መኪና የማይፈራበት መንገድ በመሆኑም አያትና የልጅ ልጅ ጎን ለጎን እየነዱ ነበር የሚያወጉት። በሦስተኛው ቀን በታራሳክ የኦርብን ወንዝ በብረቱ ድልድይ ተሻግረን ቤዳሪዩ ገባን።

አንዳንድ ወላጆች እነዚህ መንገዶች በሙሉ አስፋልት ቢሆኑ ይሻላል ይላሉ። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ሰዎች ለስላሳ መንገድ እንደሚያስፈልግ አምናለሁ፤ ነገር ግን ጠጠር ፍጥነትን ስለሚገታ፣ ትንሽ ልጅ ከፈጣን ነጂ ጋር ሳይጋጭ የሚማርበት ከዚህ የተሻለ ስፍራ አላየሁም። መንገዱ ተራ አውራ ጎዳናዎችን የሚያቋርጥባቸው ቦታዎች ስላሉም፣ በየመገናኛው ሁሉም ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ እንዲሻገር የሚያዘው ደንባችን ይቀጥላል።

በመጪው ዓመት ከኖሩዝ ተነሥተን፣ የሪኬ ውሃ የሚመጣበትን ጠባብ ቦይ ወደ ኋላ ተከትለን እስከ ሴንፌሬዮል ግድብ ለመውጣት አቅደናል። ለዚህም ልጆቻቸው አድገውባቸው የተቀመጡ ባለ 20 ኢንች ጎማ ብስክሌቶች፣ እንዲሁም ትርፍ ካላማዳሪያና የእጅ ፖምፓ ያላችሁ ወላጆች እስከ ነሐሴ መጨረሻ እንድታሳውቁን እንጠይቃለን። የመስከረሙን የጀማሪዎች ሥልጠና የሚመሩት ሁለቱ እናቶች ይሆናሉ።