ግልጽ ደብዳቤ ለፍትሕ ሚኒስቴር፦ ጀሶ ሳይፈታ የሚፈረም እርቅ

ለተከበራችሁ የፍትሕ ሚኒስቴር የሥራ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ስለ መኪና አደጋ ካሳ ነው። ስለ አደጋው ብዛት ብዙ ተብሏል፤ አልደግመውም። የእኔ ነገር ከአደጋው በኋላ ስለሚመጡት ሁለት ወረቀቶች ነው። አንዱ የእርቅ ስምምነት ነው። ሌላው ከጠበቃ ጋር የሚደረገው ውል። ተጎጂው ሁለቱም ላይ ይፈርማል፤ ብዙ ጊዜ ግን አንዱንም በቅጡ አያነበውም።

ሕጋችን እኮ መጥፎ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የመኪና ባለንብረት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ቁጥር 2091 ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። ቀጣዩ ቁጥር ደግሞ ወደፊት መድረሱ የማይቀረውን ጉዳት ሳይቀር ያስባል። ግን ይህ ሁሉ በአንድ ፊርማ ውሃ ይበላዋል። በቁጥር 3312 መሠረት በእርቅ ያለቀ ጉዳይ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። «መብቴን አላወቅኩም ነበር» ብሎ ኋላ መከራከርም አያዋጣም።

የአክስቴን ልጅ መኪና ገጭቶት ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሽማግሌዎች መጡ። ብርቱካን ይዘው ነው የመጡት፤ ክፉ ሰዎችም አልነበሩም። ወረቀቱ በኮምፒውተር ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው የስሙ ቦታ ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ «ከእንግዲህ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አላነሳም» የሚል አለ። እግሩ በጀሶ ነው። መድኃኒት የሚገዛበት ብር አልቋል። «ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አይከፍልም» አሉት፤ ፈረመ። በኋላ አጥንቱ በትክክል አልገጠመም ተባለና እንደገና ኦፕራሲዮን ሆነ። የዚያን ወጪ ማንም አልከፈለለትም።

«ኢንሹራንሱ ከዚህ በላይ አይከፍልም» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለአካል ጉዳት የተቀመጠው የሦስተኛ ወገን ሽፋን (መኪናው ለጎዳው ሰው ኢንሹራንሱ የሚከፍለው) ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር። ጣሪያው 40 ሺህም ይሁን ከዚያ በላይ፣ የኢንሹራንሱ ጣሪያ እንጂ የባለንብረቱ አይደለም። የቀረውን ከባለንብረቱ መጠየቅ ይቻላል። አልጋ ላይ ላለ ሰው ግን ይህን የሚነግረው የለም።

ጥድፊያው ለምን እንደሆነም እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የሹፌሩ የወንጀል ጉዳይ ገና ክፍት ነው፤ ተጎጂውን መካስ ቅጣት ያቀልለታል። ተጎጂው በበኩሉ ስንት በመቶ የአካል ጉዳት እንደደረሰበት የሚያውቀው ሕክምናው ሲያልቅና የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ሲሰጠው ነው። አንዱ ወገን የሚፈልገውን አውቆ፣ ሌላው ያጣውን ሳያውቅ ይደራደራሉ። ስለዚህ የቦርድ ማስረጃ ሳይወጣ የተፈረመ የአካል ጉዳት እርቅ በዳኛ ፊት ታይቶ ካልጸደቀ በቀር ተጎጂውን እንዳያስር የሚያደርግ የሕግ ማሻሻያ አዘጋጁልን። እስከዚያው የተከፈለው ገንዘብ ለሕክምና ይዋልና ኋላ ከካሳው ይቀነስ።

ተቃራኒው ወጥመድም አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ፣ ሊታገድ ይችላል። የወንጀል ሕጉ ረዘም ያለ ጊዜ ከሰጠ እሱ ይሠራል፤ ይህንን ግን ስንቱ ያውቃል? «እየተነጋገርን ነው፣ ፋይልህ አለቃ ጋ ነው» እየተባለ ጊዜው ያልፋል። በጽሑፍ ድርድር ላይ እስካሉ ድረስ ይርጋው ቢቆም ማንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ጠበቃው። ጠበቆችን ልከስ አይደለም። በመቶኛ የሚሠራ ጠበቃ ባይኖር ገንዘብ የሌለው ሰው ፍርድ ቤት ደጃፍ አይደርስም። በደሃ ደንብ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ መሆን ይቻላል፤ ጠበቃ ግን በዚያ አይገኝም። ጥያቄዬ «30 በመቶ» ሲባል የምኑ 30 በመቶ ነው የሚል ነው። ለምሳሌ ያህል፣ በ300 ሺህ ብር እርቅ ተፈጸመ እንበል። ጠበቃው 90 ሺህ ወሰደ። ለዳኝነትና ለማስረጃ 20 ሺህ ወጥቷል። ለሕክምና የተበደረው 110 ሺህ አለበት። ተጎጂው እጅ የሚገባው 80 ሺህ ነው። ይህን ሒሳብ የሚያየው ብሩ ሲመጣ ነው፤ ከዚያ ከጠበቃው ጋር ይኳረፋል። ማየት የነበረበት እርቁን ከመቀበሉ በፊት ነበር።

ውክልናውም ላይ እንዲሁ። በቁጥር 2205 ወኪል ያለ ልዩ ሥልጣን እርቅ ማድረግ አይችልም። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የተለመደው የውክልና ቃል «እንዲከስ፣ እንዲከሰስ፣ እንዲታረቅ፣ ገንዘብ እንዲቀበል» ብሎ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ይሰጣል። ልዩ የተባለው ሥልጣን የሁሉም ሰው ውክልና ውስጥ ካለ ምኑ ነው ልዩ? በጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ሥር መመሪያ ስታወጡ፣ ማንኛውም የእርቅ ሐሳብ ሲመጣ ጠበቃው የተጣራውን ድርሻ በአንድ ገጽ ጽፎ ደንበኛውን እንዲያስፈርም አድርጉ።

ደግሞ ረትቶም መክሰር አለ። በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የክርክሩን ወጪና ኪሳራ ማን ይክፈል የሚለው በፍርድ ቤቱ ሥልጣን ነው። ስንት ውሳኔ ነው «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ» ብሎ የሚያልቀው! ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ተብሎ የጠበቃው ከዚያው ላይ ከተቆረጠ፣ እኩል አልሆነም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በጽሑፍ የቀረበለትን የእርቅ ሐሳብ ሳይቀበል ቀርቶ በፍርድ ከዚያ የተሻለ ያላገኘ ወገን የሌላውን ቀጣይ ወጪ ይከፍላል። እንዳለ ይቀዳ አልልም፤ ድሃውንም ያስፈራራልና። በአንድ በኩል ብቻ ይሁን፦ ተጎጂው በጽሑፍ የጠየቀውን አልከፍልም ያለ ባለንብረት ወይም ኢንሹራንስ በዚያው መጠን ወይም ከዚያ በላይ ከተፈረደበት፣ ተገቢውን የጠበቃ አበል ይክፈል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አጭር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2116 የሕሊና ጉዳት ካሳ ጣሪያ ዛሬም በ1952 የተጻፈው 1,000 ብር ነው። የሕግ ማሻሻያ ጠረጴዛው ላይ እሱም ይቀመጥ። መልሳችሁን ተጎጂዎችም እንዲያነቡት በይፋ ብትሰጡን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር