የክርክር ክበብ፦ «ተጠረጠረ» እና «ተረጋገጠበት»

የክበባት ዘገባ፣ የ2022–23 የትምህርት ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

ክበባችን ዘንድሮ 14 አባላት ነበሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ክፍል በኋላ ለአንድ ሰዓት እንገናኛለን። በመስከረም ስለ ዩኒፎርም፣ በጥቅምት ስለ ስልክ ተከራከርን። ሁለቱም ደህና ነበሩ። የዓመቱን ትልቁን ርዕስ ያመጣው ግን ቤዝቦል የሚጫወት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው። ስቴሮይድ (ጉልበት የሚጨምር መድኃኒት) ወስደዋል ተብለው የሚጠረጠሩ ተጫዋቾች ኩፐርስታውን፣ ኒው ዮርክ ያለው የቤዝቦል ታላላቆች የክብር አዳራሽ ሊገቡ ይገባል ወይ?

ልጆቹ ሜሪላንድ ነው ያደጉት፤ ጨዋታውን ከኔ በላይ ያውቁታል። ስለ ምርጫው ያስረዱኝም እነሱ ናቸው። ድምፅ የሚሰጡት ለረጅም ዓመታት ቤዝቦል የዘገቡ ጋዜጠኞች ናቸው። ለመግባት 75 በመቶ ያስፈልጋል። መመሪያው ችሎታን ብቻ ሳይሆን ሐቀኝነትንና ጠባይንም እንዲያዩ ያዛቸዋል። ባሪ ቦንድስ 762 ሆም ራን (ኳሷ ከሜዳው አጥር ውጭ የምትወጣበት ምት) መትቷል፤ በአሜሪካ ዋናው የቤዝቦል ሊግ ከሱ በላይ የመታ የለም። ሆኖም አሥር ዓመት በምርጫው ላይ ቆይቶ በ2022 የመጨረሻ ዕድሉ 66 በመቶ ላይ ቀረ። ሮጀር ክሌመንስም ያኔውኑ በ65.2 በመቶ ወደቀ።

የመጀመሪያው ቀን ችግራችን አማርኛው ነበር። ሁሉም «ወስዷል» ይላሉ። «ማን አለ?» ስላቸው «ሁሉም ሰው ያውቃል» አሉኝ። ሰሌዳው ላይ አራት ቃላት ጻፍኩ፦ ተጠረጠረ፣ ተከሰሰ፣ አመነ፣ ተረጋገጠበት። እያንዳንዱን ተጫዋች በየቦታው አስቀምጡ አልኳቸው።

ማርክ ማግዋየር ቀላል ነበር። በ1998 ሰባ ሆም ራን መታ፣ በ2010 ደግሞ መውሰዱን በራሱ አንደበት አመነ። አሌክስ ሮድሪጌዝ የ2014ን ውድድር በሙሉ ታግዷል፤ «ተረጋገጠበት» ሥር ገባ። ክሌመንስን የቀድሞ አሠልጣኙ ወጋሁት አለ፤ ለኮንግረስ ዋሽቷል ተብሎ ተከሰሰ፣ በ2012 ግን ነፃ ወጣ። ማይክ ፒያሳ በይፋ የወደቀው ምርመራ የለም። ለዓመታት ታማ፣ በ2016 ገባ። ቦንድስን የት እንደሚያስቀምጡት መስማማት አቃታቸው። ለፍርድ ሸንጎ የሰጠው ቃል የተቀባው ነገር ስቴሮይድ መሆኑን አላወቅሁም የሚል ነው። ፍትሕን አደናቅፏል ተብሎ በ2011 ጥፋተኛ ተባለ፤ ፍርዱ በ2015 ተሻረ። ሦስት ቅዳሜ በሱ ብቻ አለቀ። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ልጆቹ ሐሜትን ከማስረጃ ሲለዩ ቁጭ ብዬ ማየቴ ለኔ የዓመቱ ምርጥ ሰዓት ነበር።

ኅዳር 24፣ ማለትም ዲሴምበር 3፣ በወላጆች ፊት ተከራከሩ። «ይገባቸዋል» ያለው ቡድን ሊጉን ወቀሰ። ስቴሮይድ ከ1991 ጀምሮ ክልክል ቢሆንም ተጫዋቾችን መመርመር የተጀመረው በ2003 ነው። በዚያ ዘመን ሊጉን የመሩት በድ ሲሊግ ግን በ2017 አዳራሹ ገብተዋል። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ «ቲቸር፣ ዘበኛው ተኝቶ ነበር፤ እሱ ተሸለመ፣ የገባው ብቻ ሌባ ተባለ» አለች።

ከወላጆች አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። ታክሲ ሲነዱ የባልቲሞርን ጨዋታ በሬዲዮ ይሰሙ ነበር። ራፋኤል ፓልሜሮ በመጋቢት 2005 ኮንግረስ ፊት ጣቱን ቀስሮ በፍጹም አልወሰድኩም አለ። በሐምሌ 3,000ኛ ሂቱን (የተሳካ ምቱን) ሲመታ እሳቸው መኪና ውስጥ ብቻቸውን አጨበጨቡ። ነሐሴ ሲገባ ምርመራ መውደቁ ተሰማ። «አልተናደድኩም፤ አፈርኩለት» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ።

ከተቃዋሚው ቡድን ዝምተኛዋ አባላችን ስለ መሠረት ደፋር ተናገረች። መሠረት በ2008 ቤጂንግ በ5,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ወሰደች። ከዓመታት በኋላ ሁለተኛ የወጣችው የቱርክ ሯጭ የኤልቫን አቤይለገሰ አሮጌ ናሙና እንደገና ተመርምሮ ውጤቷ ተሰረዘ፣ የመሠረት ነሐስም ብር ሆነ። «መድረኩ ላይ ግን በነሐስ ነው የቆመችው። እናንተ ስለወሰደው ብቻ ታወራላችሁ፤ ያልወሰደውስ?» አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም።

በማግስቱ እሑድ ዜና መጣ። ጋዜጠኞቹ ያልመረጧቸውን እንደገና የሚያይ፣ 16 አባላት ያሉት የአዳራሹ ኮሚቴ ፍሬድ ማግሪፍን በሙሉ ድምፅ መረጠ። በዚያው ዘመን 493 ሆም ራን የመታ፣ ስሙ በስቴሮይድ ያልተነሳ ሰው ነው። ቦንድስና ክሌመንስ እያንዳንዳቸው አራት ድምፅ እንኳ አልሞላላቸውም። ዝምተኛዋ ልጅ ዜናውን የላከችልኝ ከእኔ በፊት አይታው ነው።

የኛ ድምፅ 8 ለ 6 ሆነ፤ «ይገባቸዋል» አሸነፈ። እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፣ ሐሳቤን ግን እዚህ ልናገር። ምርመራ ከተጀመረ በኋላ ሕጉን እያወቀ የጣሰ አይግባ። ከዚያ በፊት የተጫወተው ይግባ፤ ታሪኩ ግን ሳይሸፋፈን አዳራሹ ለሚገባው ሁሉ በሚሰቅለው የነሐስ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። በሐሜት ብቻ በር መዝጋት አልወድም።

በግንቦት ይህንኑ የጽሑፍ ሥራ አደረግነው። የቦንድስን ሰሌዳ በአማርኛ እንዲጽፉ ሰጠኋቸው። ተስማምተው ያወጡት ይኸው፦

«ባሪ ቦንድስ። 762 ሆም ራን መታ። ሰባት ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በዘመኑ ብዙዎች ስቴሮይድ ይወስዱ ነበር፤ ሊጉም ለረጅም ጊዜ አልመረመረም። እሱ የተቀባው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር ብሏል።»

«አይገባቸውም» ያሉት ስድስቱ ልጆች ከሥር አንድ መስመር እንዲጨመር ጠየቁ፣ ተጨመረም፦ «በዚያው ዘመን ሳይወስዱ የተጫወቱም ነበሩ።»