ለአንድ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት የተጻፈ የቅሬታ ደብዳቤ

ለጥገና ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሳይቀየር ስለተከፈለበት የጨዋታ መሣሪያ ቁልፍና ስለተጠየቅሁት የማስቀመጫ ክፍያ

ጤና ይስጥልኝ።

ትናንት ከድርጅታችሁ በስልኬ የደረሰኝ መልእክት «ንብረትዎን በአስቸኳይ ካልወሰዱ የማስቀመጫ ሂሳብ ይታሰብብዎታል» ይላል። ንብረቴን ያልወሰድሁት ስላልሠራችሁት ነው። ገንዘቡን ግን አስቀድማችሁ ሙሉ በሙሉ ተቀብላችኋል። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ይኸው መልእክት ነው።

የመመላለሱን ታሪክ አልዘረዝርም፤ በመዝገባችሁ ላይ አለ። «መለዋወጫው ከዱባይ አልገባም»፣ «ባለሙያው ወጣ ብሏል» እየተባልሁ የሰነበትሁትን የእንግዳ መቀበያ ሠራተኞቻችሁ ያውቁታል። በጸሎተ ሐሙስ የሆነውን ግን እርስዎ በትክክል የሰሙት አይመስለኝም።

በእጅ የሚያዘው የኒንቴንዶ ዲኤስ ላይት የጨዋታ መሣሪያዬ የቀኝ ትከሻ ቁልፍ፣ ማለትም ከላይ በቀኝ ጠርዙ ያለው «አር» የሚለው፣ መሥራት በማቆሙ ነው ያመጣሁላችሁ። በደረሰኙ ላይ «ቁልፉ በአዲስ ይቀየራል፤ ለጸሎተ ሐሙስ ይደርሳል» ተብሎ በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ቀኑን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንድሜ ከአሜሪካ ለፋሲካ መጥቶ ነበር፤ ሁለታችንም የምንወደው ጨዋታ ካስተም ሮቦ አሬና የተባለው የሮቦቶች ፍልሚያ ነው። ኒንቴንዶ የዲኤስን የኢንተርኔት ግጥሚያ እ.ኤ.አ. በ2014 ስለዘጋው እኔና እሱ በቀላሉ መጋጠም የምንችለው አንድ ክፍል ውስጥ ስንቀመጥ ነው። ይህንን ዕቃውን ሳስረክብ ለሠራተኛችሁ በግልጽ ነግሬዋለሁ፤ «አይጠራጠሩ» ነበር መልሱ።

በተባለው ቀን መጣሁ። ባለሙያው መሣሪያውን አብርቶ ቁልፉን ተጫነና «ይኸው፣ ቀጭ ይላል እኮ» አለኝ። ድምፁን እኔም ሰምቻለሁ። በጨዋታው ውስጥ እንሞክረው ብዬ ካርዱን አስገባሁና ፍልሚያ ከፈትሁ። በዚህ ጨዋታ ሮቦቱን የምትገጣጥመው ከአካል፣ ከጠመንጃ፣ ከቦምብ፣ ከፖድ (ራሱን ችሎ ከሚንቀሳቀስ ትንሽ ፈንጂ) እና ከእግር ነው። ጠመንጃው ተኮሰ። በግራው ቁልፍ ፖዱ ወጣ። ቦምብ የሚወረውረውን የቀኙን ስጫን ግን ምንም የለም። ደግሜ ተጫንሁ፤ አሁንም ቀጭ ይላል፤ ቦምብ ግን የለም። ባለሙያው ጎኔ ቆሞ እያየ ነበር።

መጀመሪያ «የጨዋታው ችግር ነው» አለ። ሌሎቹ ቁልፎች ሁሉ እየሠሩ እንዴት የጨዋታው ችግር ይሆናል ብዬ ስጠይቀው «ጋሼ፣ ቦምቡ ቢቀር ምን አለበት? በጠመንጃው ይዋጉ» አለኝ። ከዚያም ወደ ባልደረባው ዞሮ «ለልጅ መጫወቻ ይህን ያህል!» አለ። ሌሎች ደንበኞች እየሰሙ ነበር።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ የጠመንጃው ጥይት ግድግዳ ያቆመዋል። ቦምቡ ግን ከግድግዳው በላይ አልፎ የተሸሸገውን ባላጋራ ያገኘዋል፤ የእኔ ሮቦት የተገጣጠመውም በዚያ ስልት እንዲዋጋ ነው። ነገሩ የልጅ መጫወቻም ይሁን የአዋቂ፣ ጠግኑልኝ ብዬ የከፈልሁት ለዚያው ቁልፍ ነው። «ቀይራችሁታል ወይ?» ብዬ ስጠይቅ ባለሙያው «አጽድተነዋል» አለ። ደረሰኙ «ይቀየራል» ይላል፤ የተከፈለውም የአዲስ መለዋወጫ ዋጋ ነው። የወጣውን አሮጌ ቁልፍ አሳዩኝ ብል የሚያሳየኝ አላገኘሁም።

ወንድሜ ከበዓሉ በኋላ ተመልሶ ሄደ። አንድም ግጥሚያ አልተጋጠምንም። ይህንን ልታካክሱልኝ አትችሉም።

ሌላም አለ። ከጀርባው ካሉት ባለ ሦስት ክንፍ ብሎኖች አንዱ የለም። ሳስረክብ አብሮት የነበረው የንክኪ ብዕርም ጠፍቷል፤ ስጠይቅ የኳስ እስክሪብቶ ክዳን ሊሰጡኝ ሞከሩ። በታችኛው ስክሪን ላይ ያልነበረ ጭረት አለ። ደረሰኛችሁ ማኅተም የለውም። ስልካችሁን የሚያነሳ ሰው አይገኝም፤ የማስቀመጫ ክፍያ ለመጠየቅ ሲሆን ግን መልእክት ይደርሳል።

ስለዚህ የማስቀመጫ ክፍያው በጽሑፍ እንዲሰረዝ፣ ቁልፉ እኔ ባለሁበት በአዲስ እንዲቀየርና በዚያው ጨዋታ እንዲሞከር፣ ብሎኑና ብዕሩ እንዲተኩ እጠይቃለሁ። መለዋወጫው ከሌላችሁ የከፈልሁት ሁሉ ይመለስልኝ። የስክሪኑ ጉዳትም ተገምቶ እንዲካስ እፈልጋለሁ። ባለሙያው በሰው ፊት ለተናገረኝ ደግሞ ይቅርታውን በጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል።

እስከ መጪው ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ደረሰኙንና መልእክታችሁን አያይዤ ለከተማው ንግድ ቢሮ አቤት እላለሁ። እስከዚያው መሣሪያዬን ማንም እንዳይከፍተው አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የደረሰኙ ቅጂና የስልክ መልእክቱ ፎቶ